ለማሲንቆ ተጫዋች እግር የተገኘ ሥራ፦ የሚዲ መርገጫ እንዴት ይዘጋጃል?

ይፋግ፦ በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ የሠርግ ወቅት ይከተላል። ጥር ሲብት ከወረታ እስከ ይፋግ ዳስ ይጣላል። ቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ በነበረችው ይፋግም ሆነ በአጎራባች ቀበሌዎች አንድ አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ ዳስ ማድመቁ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ደጋሹ የከበሮ ምቱንና የኪቦርድ አጀቡን ጭምር በድምፅ ማጉያ መስማት ይሻል። አዝማሪው ኪቦርድ ተጫዋች አስከትሎ ክፍያውን ይካፈላል፤ አለዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻውን ይጠራል። ሁለተኛው መንገድ ለደጋሹ ወጪ ይቀንሳል፤ ለአዝማሪው ግን እንጀራ ማጣት ነው።

አዝማሪው ኪቦርዱን ራሱ እንዳያዝ እጆቹ ተይዘዋል። ግራው ጭራውን ይጫናል፤ ቀኙ ደጋኑን ይስባል። ልብስ ሰፊም እጆቹ ጨርቁን ስለያዙ መኪናውን በእግሩ ይዘውራል። የሚዲ መርገጫም የሚያገለግለው በዚሁ መንገድ ነው።

መርገጫው ራሱ ድምፅ የለውም። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ የሚያዜመው ግን አዝማሪው ነው። መርገጫው እንደ ታዳሚው ነው፤ ትእዛዙን ይልካል፤ ድምፁን የሚያወጣው ኪቦርዱ ነው። በመካከላቸው ያለው የጋራ ቋንቋ ሚዲ ይባላል። የተለያዩ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች እንዲግባቡ አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከሌሎች ጋር ያቋቋሙት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ለሕዝብ ታየ።

ብቻን ሆኖ ባንድ መሆን ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ፣ በ1985 (እንደ አውሮፓውያን) ባወጡት ካሴት አኮርዲዮኑንም ኪቦርዶቹንም ብቻቸውን ተጫውተዋል፤ ምቱን የሰጠው ማሽን ነበር። በስቱዲዮ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ መደረብ ይቻላል። በዳስ ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መሆን አለበት፤ እጅ ሲያልቅ እግር ይመጣል።

መርገጫ ሲዘጋጅ የሚቀድመው ቻናሉ ነው። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት። መርገጫው በቻናል 1 እየላከ ኪቦርዱ ቻናል 2ን ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ፣ ቴሌቪዥንን በሌላ ጣቢያ ላይ አድርጎ ዜና እንደመጠበቅ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ መርገጫ የሚልከው ትእዛዝ ይመደብለታል። ፕሮግራም ቼንጅ የተባለው የመሣሪያውን ድምፅ ይለውጣል። ኮንትሮል ቼንጅ ደግሞ ከ0 እስከ 127 ባለው መጠን ድምፁን ይገራል፤ ቁጥር 7 የድምፁን ጉልበት፣ ቁጥር 11 በዜማው መካከል ከፍ ዝቅ ማለቱን፣ ቁጥር 64 ጣት ከተነሣ በኋላ ድምፁ ተይዞ መቆየቱን ይመለከታል። ምቱን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ትእዛዝ ቻናል አያሻውም፤ ሆኖም በብዙ ኪቦርዶች ላይ ከውጭ የሚመጣ «ጀምር» እንዲሠራ አስቀድሞ በኪቦርዱ ማስተካከያ ሊፈቀድለት ይገባል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቁጥር ነው። ጄኔራል ሚዲ በተባለው የጋራ ዝርዝር አኮርዲዮን 22ኛ፣ ሃርሞኒካ 23ኛ ናቸው። አንዳንዱ መርገጫ ግን ከ1 ሳይሆን ከ0 መቁጠር ይጀምራል። በዚህ ላይ 22 ብሎ የመዘገበ ሰው አኮርዲዮን ጠብቆ ሃርሞኒካ ይሰማል፤ መጻፍ የነበረበት 21ን ነው። ድምፁ ያለው በሌላ ባንክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ባንኩን የሚመርጡት የኮንትሮል ቼንጅ ቁጥሮች 0 እና 32 ከፕሮግራም ቼንጁ ቀድመው መላክ አለባቸው።

ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሶኬቱን ይይ። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ መርገጫ ከኪቦርዱ ጋር በቀጥታ ላይግባባ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በመካከል ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ባለ አምስት ቀዳዳው ክብ የሚዲ ሶኬት በሁለቱም ላይ ካለ፣ ከመርገጫው መውጫ ወደ ኪቦርዱ መግቢያ አንድ ገመድ ይበቃል።

የመርገጫ ብዛትም አያታልል። ምት ማስነሻ፣ ማቆሚያ፣ ድምፅ መለወጫና የድምፅ ከፍታን የሚቆጣጠር አንድ ተንቀሳቃሽ ፔዳል ለአንድ ሠርግ ይበቃሉ። ከዚያ ሲበዛ ተጫዋቹ እንግዳውን ትቶ እግሩን ይመለከታል። እስክስታው ሲጋጋል አዝማሪው ፍጥነቱን ከጨፋሪው ትከሻ ያነባል፤ ማሽኑ ግን ካልታዘዘ በስተቀር በያዘው ፍጥነት ይቀጥላል። መርገጫው ተጫዋቹን በአንድ ቦታ ያስራል፤ በእንግዶች መካከል እየተዘዋወረ ግጥም መቀበልና ሽልማት መሰብሰብ የለመደ አዝማሪም ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የተዘጋጀው ሁሉ በመርገጫው ማኅደር ውስጥ ካልተቀመጠ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የተቀመጠ ቢሆን እንኳ ገመዱ ትእዛዝ የሚያደርሰው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ መርገጫው ኪቦርዱ ምን ላይ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ኪቦርዱ መጀመሪያ ወደተሠራለት ድምፅ ሊመለስ ስለሚችል፣ የሚፈለገው መርገጫ እንደገና መረገጥ አለበት። እስከዚያው ማሲንቆው ይቀጥላል።