ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ህክምና በኋላ የሚከሰተው ብዥታና የሰው ሰራሽ ሌንሶች ዓይነት

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ህክምና ተደርጎላቸው ብርሃናቸው የተመለሰላቸው አረጋውያን ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ዳግም ብዥ ሲልባቸው "ሞራው ተመልሶ መጣ" ብለው ማሰባቸው አይቀርም። ወሬውን የሰማ ጎረቤትም ለህክምና ከመውጣት ሊቆጠብ ይችላል። በ1998 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከሚገኙ ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ መሆኑ ሲታሰብ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

የዓይን ህክምና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት የወጣ ሞራ ተመልሶ አይመጣም። በቀዶ ህክምናው የሚወጣው የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ሲሆን፣ ሌንሱን ይዞት የነበረው ስስ ከረጢት ግን ሰው ሰራሹን ሌንስ እንዲሸከም በቦታው ይቀራል። በከረጢቱ ውስጥ የተረፉ ጥቃቅን ሴሎች ተራብተው ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሲዘልቁ ግድግዳው ይደፈርሳል። በህጻናት ላይ ይህ በፍጥነት ስለሚከሰት ሐኪሞች የግድግዳውን መሃል በመጀመሪያው ቀዶ ህክምና ወቅት ይከፍቱታል።

የመጀመሪያውን ሰው ሰራሽ ሌንስ እ.ኤ.አ በ1949 ለንደን ውስጥ በታካሚ ዓይን ያስገቡት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያክሙ፣ የዚያ ፕላስቲክ ቁራጭ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተውለው ነበር። ከዚሁ ፕላስቲክ የሚሠራው ጠንካራ ሌንስ ዛሬም በዋጋው ዝቅተኛነት በታዳጊ አገሮች በስፋት ያገለግላል። የሚታጠፉት የሲሊኮንና የአክሪሊክ ሌንሶች በጠባብ ቀዳዳ ስለሚገቡ ቁስሉ ቶሎ ይድናል። ከአክሪሊኮቹ መካከል ውሃ የማይመጠው ዓይነት ውሃ ከሚመጠው ይልቅ የከረጢቱን መደፍረስ ይቀንሳል። የሌንሱ ጠርዝ ቅርጽ ደግሞ ከቁሱ ባልተናነሰ ይወስናል፤ ማዕዘን ያለው ጠርዝ የሴሎቹን ጉዞ ስለሚገታ ርካሹ ሌንስ እንኳ በዚህ ቅርጽ ሲሠራ ውጤቱ ይሻሻላል። የጨረታ ሰነድ አዘጋጆች ከዋጋው ጎን ለጎን ይህንን ቢያስተውሉ ተገቢ ነው።

የደፈረሰው ከረጢት ያለ ቢላዋ፣ ያግ በተሰኘ ሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ መሃሉ ይከፈታል። የዓይን ግፊት መጨመርና አልፎ አልፎም የሬቲና መላቀቅ ሊያስከትል ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ውሃ የሚመጡ አንዳንድ ሌንሶች ግን የካልሲየም ዝቃጭ ይዘው ራሳቸው ይደፈርሳሉ። ይህ በምርመራ ካልተለየና በስህተት ሌዘር ከተሰጠ ብዥታው አይጠፋም፤ ሌንሱን አውጥቶ መተካቱም የባሰ አስቸጋሪ ይሆናል።

በ1947 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ህክምናና ስልጠና ማዕከል አለው። የጃናሞራ ገበሬ እዚያ ለመድረስ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ደባርቅ መውጣት፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጓዝ አለበት። ለእርሱ ዳግመኛ የማይደፈርስ ሌንስ ከከተማ ነዋሪው ይልቅ ያስፈልገዋል። በወረዳው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቀስ እያለ የሚመጣው ብዥታ ሊታከም የሚችል መሆኑን ሊነግሩት ይገባል። በቀዶ ህክምናው ሰሞን ህመምና ቅላት የታየበት ዓይን ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መላክ አለበት።