ቶሎ ይገባል፣ ሳይታይ ይወጣል

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን የእኛ ሰዎች ባይሰሙ ደስ ይለኛል። ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። በዊልቸር የመጣ ታካሚ ወረፋ ላይ ሲጉላላ ብዙም አላየሁም። ጥበቃው በር ይከፍትለታል፣ ተሰላፊው «ይለፉ፣ እግዜር ይማርዎ» ይላል፣ ካርድ ክፍልም አያቆዩትም። ጉዱ ያለው ሐኪሙ ፊት ከቀረበ በኋላ ነው። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ያነሰ ይመረመራል።

ሰበቡ የምርመራ አልጋው ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ዝቅ አይልም፣ የሚወጣበትም በመረገጫ ነው። ሰውየውን አንስቶ ለማስተኛት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ኮሪደሩ ደግሞ ጢም ብሏል። ስለዚህ ሐኪሙ ሸሚዙ ላይ ያዳምጥና አስታማሚውን «ምን ይለዋል?» ብሎ ጠይቆ ይጽፋል፤ ታካሚው ራሱ ቁጭ ብሎ እየሰማ! የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ካዘዘ ቆይቷል። ራምፕ ተሠርቶልናል፣ አልካድኩም። ግን ራምፑ በሩ ላይ ያበቃል።

አንድ ጋሼ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ከወገባቸው በታች ስሜት የላቸውም። የታይፎይድና የወባ ምርመራ ታዘዘ፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። በኋላ ነው አልጋ ላይ አውጥተን ሱሪያቸውን ዝቅ ያደረግነው። ሽታው ቀደመን፤ መቀመጫቸው ላይ እስከ አጥንት የዘለቀ ቁስል ነበር። «አያመኝም እኮ» አሉ፣ አፈር ብለው። እንዴት ብሎ ያማቸዋል?

እናም እርስዎም በዊልቸር የሚመጡ ከሆነ፣ ገና ሲገቡ፣ ሕመምዎን ሳያወሩ፣ «አልጋው ላይ አውጡኝና ጀርባዬን እዩልኝ» ይበሉ። መጨረሻ ላይ ካሉት ሐኪሙ ጽፎ ጨርሷል፣ ቀጣዩም በሩን እያንኳኳ ነው።

ኪሎዎንም በግምት አያስጽፉ። የቲቢ መድኃኒት የሚታዘዘው በኪሎ ነው፤ «ሃምሳ ይሆናሉ?» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከነዊልቸርዎ ይመዘኑ፣ ከዚያ ባዶው ዊልቸር ተመዝኖ ይቀነስ። እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ሰፊ ሚዛን ያለው መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን ይመዘንበታል። ካልጠየቁ ማንም አያወጣልዎትም።

ሽንት ቤቱ ዊልቸር አያስገባም ብለው ከማታ ጀምረው ውሃ ሳይጠጡ የሚመጡም አሉ። ላብራቶሪ ሲደርሱ ደም ሥራቸው ይጠፋል፣ ሽንትም አይገኝም። ይጠጡ። የሠራተኛው ሽንት ቤት ሰፋ ይላል፤ ቁልፉ የጽዳት ሠራተኞቹ ጋ ነው፣ እነሱ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለሰው ያዝናሉ።

ሰዓቱን ብቻ ይጠንቀቁ። የሚያነሱዎት ፖርተሮች ለምሳ ከወጡ እስከ 8 ሰዓት አይገኙም፤ ከ5 ሰዓት በፊት ሐኪሙ ጋ ይግቡ።