የክኒኑን ልብስ የሚያለሰልሰው ምንድን ነው?

አንድ ክኒን በእጃችን ስንይዝ የያዝነው መድኃኒት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በሽታውን የሚፈውሰው ክፍል ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቀረው ክኒኑን የሚያያይዝ፣ የሚሞላ፣ የሚያቀልምና የሚሸፍን ነገር ነው። እነዚህ ፈዋሽ ያልሆኑ ንጥረ ነገሮች ይባላሉ። ፈዋሽ አይደሉም ማለት ግን ሥራ የላቸውም፣ ጉዳትም የላቸውም ማለት አይደለም። ከነዚሁ አንዱ ማለስለሻ (ፕላስቲሳይዘር) የሚባለው ነው።

እንደሚታወቀው አንዳንድ መድኃኒት ጨጓራ ውስጥ መሟሟት የለበትም። ኦሜፕራዞል በጨጓራ አሲድ ይበላሻል፤ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ደግሞ ጨጓራውን ራሱን ሊያቆስሉ ይችላሉ። ስለዚህ አሲድ የማይበግረው፣ አንጀት ሲደርስ ግን የሚሟሟ ስስ ሽፋን ይለብሳሉ። ሽፋኑ የሚሠራው ፖሊመር ከሚባሉ ረጃጅም ሞለኪዩሎች ሲሆን፣ ፖሊመሩ ብቻውን ሲደርቅ ግትር ይሆናል። የደረቀ ቁርበት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሳይለፋ ቢያጥፉት ይሰነጠቃል፤ ቅባት ጠጥቶ ሲለፋ ግን እንደ ልብ ይታጠፋል። ማለስለሻውም እንዲሁ በሞለኪዩሎቹ መካከል ገብቶ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። አንዲት ስንጥቅ ከተገኘች እኮ አሲዱ ይገባል፤ ሽፋኑ ኖረ አልኖረ አንድ ነው።

ለሕፃናት የሚታደለውን የቫይታሚን ኤ ካፕሱል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጫፉ ተቆርጦ አፍ ውስጥ የሚጨመቀው ነው። ቅርፊቱ ጄላቲን ሲሆን፣ እንዲህ ለስላሳ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ግሊሰሪን ነው።

ታዲያ አደጋው የቱ ላይ ነው? ማለስለሻው ከፖሊመሩ ጋር በኬሚካል አልተሳሰረም፤ በመካከሉ ተቀመጠ እንጂ። ሽፋኑ ሲሟሟ እሱም ወደ ሰውነት ይገባል። ግሊሰሪን ለሰውነታችን እንግዳ አይደለም፤ ከምንበላው ስብም ይወጣል። ከሲትሪክ አሲድ የሚሠራው ትራይኢታይል ሲትሬትም ለምግብ ጭምር የተፈቀደ ነው። ዳይቡታይል ፍታሌት ግን ሌላ ነገር ነው። በእርጉዝ አይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ የወንድ ፅንስን የመራቢያ አካል እድገት እንደሚያውክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ደግሞ፣ ሜሳላሚን የተባለውን የአንጀት ቁስለት መድኃኒት ይወስድ የነበረ አንድ ሰው ሽንቱ ሲመረመር፣ የዚሁ ማለስለሻ ስባሪ ከሌላው ሕዝብ እጅግ በልጦ ተገኘበት። የመጣው ከክኒኑ ሽፋን ነበር።

ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አምራቾች በዚህ ማለስለሻ ከመጠቀም እንዲታቀቡ መከረ። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2014 ባወጣው መመሪያ የዳይቡታይል ፍታሌትን የቀን ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.01 ሚሊግራም አደረገው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግማሽ ሚሊግራም መሆኑ ነው። የወንድሙ የዳይኢታይል ፍታሌት ጣሪያ ግን ለኪሎ 4 ሚሊግራም፣ ማለትም ለዚያው ሰው 200 ሚሊግራም ነው። ሁለቱም ፍታሌት ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን 400 እጥፍ አለ! ስም ብቻ ሰምቶ መደንገጥ እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል።

የአይጥ ውጤትም ለሰው እንዳለ አይገለበጥም። ይህን ሰምቶ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው በእኔ አስተያየት ከማለስለሻው የባሰ ጉዳት በራሱ ላይ ያመጣል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን በየቀኑ ለምትወስደው ክኒን ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ፋርማሲስቱን ብትጠይቅ መብቷ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፍታሌት የሌለበት አማራጭ ይገኛል።

በየቤቱ የሚታየው ሌላው ጉዳይ ክኒን መፍጨት ነው። አልዋጥ ያለውን ክኒን በማንኪያ ጀርባ ደቁሶ በውኃ መስጠት የተለመደ ነው። ለአንጀት ተብሎ የተሸፈነ ከሆነ ግን ያ ሁሉ የሽፋን ድካም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የኦሜፕራዞል ካፕሱል መዋጥ ለሚያቅተው ሰው፣ ፋርማሲስቱ ይቻላል ካለ፣ ካፕሱሉን ከፍቶ ትናንሾቹን ፍሬዎች በለስላሳ ምግብ ላይ መነስነስ ይቻላል። ሳያኝክ ይዋጣቸው፤ እያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ሽፋን ለብሳለችና።