ለገጠር ግብርና ሥራ የሚገዛ ርካሽ ስማርት ስልክ እንዴት እንዲመረጥ

የእርሻ ሥራ የሚለማው በዝናምና በበሬ ብቻ አይደለም፤ ወሬ በጊዜው ሲደርስም ነው። በስንዴው ላይ ዋግ በታየ ጊዜ፥ በቆሎውንም ተምች በጀመረው ጊዜ፥ ነገሩን ያየው የቀበሌ ሠራተኛ ለወረዳው፥ ወረዳውም ለበላዩ ፈጥኖ ያላስታወቀ እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ የሚደርሰው አዝመራው ከጠፋ በኋላ ይሆናል። ይህን ወሬ ዛሬ የሚያመላልሰው የእጅ ስልክ ስለ ሆነ፥ ስልክ መግዛት የጌጥ ነገር መሆኑ ቀርቶ እንደ ማረሻና እንደ ዘር የሥራ መሣሪያ መግዛት ሆኗል። ስለዚህ ለሠራተኞቻቸው ስልክ እንዲገዛ የሚፈቅዱ የክልል፥ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም በገዛ ገንዘባቸው ለእርሻቸው ኃላፊ የሚገዙ ባለ ሰፋፊ እርሻዎች፥ የሚገዙትን ነገር መርምረው እንዲያውቁት ይህ ጽሑፍ ቀርቧል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል ያለፈውን ማስታወስ ይበቃል። በ2013 በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዘር በግንድ ዋግ ተመታ፤ ይህ ዘር ቢጫ ዋግን ይችላል ተብሎ ብዙ ገበሬ የዘራው ነበር። በ2017ም መጤ ተምች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከደቡብ ምዕራብ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ አውራጃ ተዛመተ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአንድ ማሳ የተነሣ ፎቶግራፍ፥ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት በዚያው ቀን የደረሰ እንደ ሆነ፥ ከሳምንት በኋላ ከሚደርስ ረጅም ደብዳቤ ይበልጣል።

1ኛ፤ ስማርት ስልክ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መለየት ይገባል። በ2014 የተከፈተው 8028 የተባለው የግብርና የስልክ መስመር በማናቸውም ስልክ ይሠራል፤ ገበሬው ደውሎ ስለ አስተራረስና ስለ ማዳበሪያ በቋንቋው ምክር ይሰማል። ለዚህ ሥራ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይበቃል፤ ባትሪውም አንድ ጊዜ ተሞልቶ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። እንግዲህ ለገበሬው ሁሉ ስማርት ስልክ ካልተገዛ ብሎ ማሰብ ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው።

ስማርት ስልክ የሚያስፈልገው ፎቶግራፍ ለሚልክ፥ የማሳውን ቦታ ለሚመዘግብ፥ የዘርና የማዳበሪያ መዝገብ ለሚይዝ፥ ክፍያንም በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ለሚፈጽም ሰው ነው። ይኸውም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፥ የወረዳው ባለሙያ፥ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥና የትልቅ እርሻ ኃላፊ ነው።

2ኛ፤ የሚመዘኑት ስልኮች

ለምሳሌ በ2025 የወጡትን ሦስት ርካሽ ስልኮች እንወስዳለን። አንደኛው የኮሪያው ሳምሰንግ ያወጣው ጋላክሲ ኤ07 ነው። ሁለተኛው የቻይናው ሻኦሚ ያወጣው ሬድሚ 15ሲ ነው። ሦስተኛው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ያወጣው ቴክኖ ስፓርክ 40 ነው፤ ይህ ኩባንያ ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ ያቋቋመ ስለ ሆነ ስሙ በአገራችን ገበያ የታወቀ ነው። ኤ07 እና ሬድሚ 15ሲ በአራተኛው ትውልድና በአምስተኛው ትውልድ መስመር የሚሠሩ ሁለት ሁለት ዓይነት ስላላቸው፥ እዚህ የሚነገረው በአራተኛው ትውልድ ስለሚሠሩት ነው።

የሦስቱም ዋና ካሜራ 50 ሜጋፒክስል ይባላል፤ መስተዋታቸውም በወርዱ 720፥ በቁመቱ 1600 ነጥብ ያለው ነው። በዚህ እኩል ናቸው። የሚለያዩት በባትሪው፥ አቧራ በመከላከሉ፥ በፕሮሰሰሩና አምራቹ ስልኩን በሚጠብቅበት ዘመን ነው። ሻጭ በመጀመሪያ የሚያሳየው እኩል የሆኑበትን ነገር ነው፤ ገዢ ግን ሊጠይቅ የሚገባው የሚለያዩበትን ነው።

3ኛ፤ ስለ ባትሪና ስለ አሞላሉ

የኤ07 ባትሪ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት፥ የስፓርክ 40 ባትሪ 5200፥ የሬድሚ 15ሲ ባትሪ 6000 ይይዛል። በኃይል ሲሰላ 5000ው ወደ 19 ዋት ሰዓት፥ 6000ው ወደ 23 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሠራተኛው መብራት በሌለበት ቀበሌ የሚያድር ከሆነ ይህ ልዩነት ከባድ ነው።

የአሞላሉ ፍጥነት ግን ሌላ ነገር ነው። ኤ07 እስከ 25 ዋት፥ ሬድሚ እስከ 33 ዋት፥ ስፓርክ 40 እስከ 45 ዋት ይቀበላል ይባላል። ይህ ቁጥር ስልኩ ሊቀበል የሚችለውን ይናገራል እንጂ የሚያገኘውን አይናገርም። ኃይሉ የሚመጣው 10 ዋት ከሆነች አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ እንደ ሆነ፥ 45 ዋት የሚቀበለውም 25 ዋት የሚቀበለውም እኩል ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለች ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን በ5 ሰዓት ውስጥ በወረቀት 50 ዋት ሰዓት ትሰጣለች፤ በሙቀት፥ በአቧራና በሽቦ የሚጠፋውን ግማሽ ብንቀንስ 25 ያህል ይቀራል። ይህ አንዱን ስልክ ይሞላል፥ ለሁለት ግን አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ጣቢያ ፈጣን ስልክ ከመግዛት ሁለተኛ ሰሌዳ መጨመር ይሻላል።

በሌላ በኩል መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ከተማ ፈጣን አሞላል ትልቅ ጥቅም አለው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ይይዛልና። ነገር ግን ይህን ፍጥነት የሚሰጠው የስልኩ ትክክለኛ ቻርጀር ብቻ ነው። አንዳንድ አምራች፥ ሳምሰንግም በብዙ አገር፥ ቻርጀሩን በሳጥኑ ውስጥ ስለማይጨምር ዋጋው ሲወዳደር የቻርጀሩ ዋጋ መደመር አለበት።

4ኛ፤ ስለ አቧራና ስለ ውሃ

በስልኩ መግለጫ ላይ አይፒ የሚል ምልክትና ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ፊተኛው ቁጥር ስለ አቧራ፥ ኋለኛው ስለ ውሃ ይናገራል። ኤ07 አይፒ54 ሲሆን ሬድሚ 15ሲ እና ስፓርክ 40 አይፒ64 ናቸው። 5 ማለት ጥቂት አቧራ ቢገባም ሥራውን አያሰናክልም ማለት ነው፤ 6 ማለት አቧራ ፈጽሞ አይገባም ማለት ነው። በኋላ ያለው 4 ደግሞ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው እንጂ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ይድናል ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆና በቆላው አገር፥ በመውቂያም ወራት በአውድማ ለሚውል ሠራተኛ የ5ና የ6 ልዩነት የሚናቅ አይደለም።

5ኛ፤ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ማከማቻ

ፕሮሰሰር የስልኩ አእምሮ ነው። ኤ07 ሂልዮ ጂ99 የተባለውን ይዟል፤ ይህ በ6 ናኖሜትር ጥበብ የተሠራ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች የያዙት የሂልዮ ጂ81 ወገን በ12 ናኖሜትር የተሠራ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚፈጀው ኃይል ስለሚያንስ፥ የኤ07 አነስተኛ ባትሪ በቁጥሩ ከሚታየው ይልቅ ጥቂት ይረዝማል፤ ካርታና መዝገብ አብረው ሲከፈቱም ስልኩ አይዘገይም።

ስለ ማከማቻው ግን 64 ጊጋባይት ያለውን አለመግዛት ይሻላል። የስልኩ የራሱ ሥርዓት ከዚህ ውስጥ ቀላል ያልሆነ ክፍል ይይዛል፤ የቀረውም በአንድ የክረምት ወራት ፎቶግራፍ ይሞላል። 128 ጊጋባይት ያለው በጥቂት ዋጋ ቢበልጥ ልዩነቱን መክፈል ይገባል።

6ኛ፤ ስለ ካሜራና ስለ መስተዋት

50 ሜጋፒክስል የሚለው ቃል ገዢን ያስታል። እነዚህ ካሜራዎች በተለመደው አሠራራቸው አራት አራቱን ነጥብ አንድ አድርገው 12.5 ሜጋፒክስል ያህል የሆነ ፎቶግራፍ ይሰጣሉ፤ ለቅጠል በሽታ ምርመራም ይህ ይበቃል። ዋግን ከሌላ በሽታ ለመለየት የሚረዳው የቁጥሩ ብዛት ሳይሆን፥ ቅጠሉ ከአንድ ስንዝር ያህል ርቀት፥ በጥላ ሳይሆን በቀን ብርሃን፥ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መነሣቱ ነው። በመግዣው ቦታ አንድ ቅጠል አንሥቶ አጉልቶ ማየት ከማናቸውም መግለጫ ይበልጣል።

ስለ መስተዋቱም ሬድሚና ስፓርክ 40 በሴኮንድ 120 ጊዜ፥ ኤ07 90 ጊዜ ሥዕሉን ያድሳሉ። ይህ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ቅጽ ለሚሞላ ሠራተኛ ግን ጥቅም የለውም፤ ባትሪም ይበላል። በማስተካከያው ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይልቅስ መታየት ያለበት መስተዋቱ በቀትር ፀሐይ መነበቡ ነው፤ ይህም በሱቅ ውስጥ ሳይሆን ወደ ደጅ ወጥቶ ይፈተናል።

7ኛ፤ አምራቹ ስልኩን ስለሚጠብቅበት ዘመን

ይህ ነገር በዓይን ስለማይታይ ብዙ ገዢ ይዘነጋዋል። ስልክ እንደ ጎተራ ነው፤ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ቀዳዳ ይገኝበታል፥ ሌባም በቀዳዳው ይገባል። አምራቹ በየጊዜው የጥበቃ ማደሻ እየላከ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ መላኩን ባቆመ ጊዜ ግን ስልኩ ቢሠራም በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሳምሰንግ ለኤ07 የ6 ዓመት ማደሻ ቃል ገብቷል፤ በዚህ ዋጋ ለሚሸጥ ስልክ ይህ ብርቅ ነው። ስለ ሌሎቹ ግን ሻጩ የሚጠበቅበትን ዘመን በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይገባል።

ቴሌብር በ2021፥ ኤምፔሳ በ2023 በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የማኅበርና የገበሬ ገንዘብ በስልክ ውስጥ ያልፋል። የገንዘብ ያዡ ስልክ ቢሰረቅ ወይም ቢደፈር የሚጠፋው የስልኩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ልፋት ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን፥ ርካሹን ዋጋ ስናይ ይህን አደጋ አብረን ማየት አለብን።

ዋጋም በዓመት ሲካፈል ሌላ መልክ ይይዛል። ለምሳሌ አንዱ ስልክ 10 ሺህ ብር ተገዝቶ 2 ዓመት ቢያገለግል፥ ሌላው 12 ሺህ ተገዝቶ 4 ዓመት ቢያገለግል፥ የፊተኛው በዓመት 5 ሺህ፥ የኋለኛው 3 ሺህ ብር አስወጣ ማለት ነው። ርካሽ የተባለው ውድ ሆነ።

8ኛ፤ ፍርዱ

ከሦስቱ ማንኛቸውም በሁሉ ነገር አይበልጡም፤ ስለዚህ ስልኩ እንደ ቦታውና እንደ ሥራው ይመረጥ።

ገንዘብ ለሚይዝ፥ መዝገብ ለሚጠብቅና መብራት ባለበት የወረዳ ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው ኤ07 ይሻላል፤ የጥበቃው ዘመን ረጅም፥ ፕሮሰሰሩም የተሻለ ነውና። የሚያጣው የአቧራ መከላከያና የባትሪ ብዛት በቢሮ ውስጥ ብዙ አይጎዳውም።

መብራት በሌለበት ቀበሌ ማሳ ለማሳ ለሚዞር ሠራተኛ ሬድሚ 15ሲ ይስማማዋል፤ ባትሪው ትልቅ ነው፥ አቧራም አይገባውም። ነገር ግን የማኅበር ገንዘብ በእርሱ እንዳይንቀሳቀስ መከልከል መልካም ነው።

መብራት እየመጣ በሚጠፋበት ከተማ፥ የቴክኖ ጠጋኝና መለዋወጫ በቅርብ በሚገኝበት ቦታ፥ ስፓርክ 40 ተገቢ ይሆናል። መለዋወጫ በሩቅ ከተማ ብቻ የሚገኝለት ስልክ ምንም ጥሩ ቢሆን በተሰበረ ማግስት ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

9ኛ፤ በግዢ ጊዜ የሚጠበቁ ነገሮች

የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ ዋጋ አልተጻፈም፤ በግዢው ሳምንት ከሦስት ሻጭ በጽሑፍ ይጠየቅ። ብዙ ከመግዛት በፊት ከየዓይነቱ አንድ ተገዝቶ ለአንድ ወር በማሳ ይፈተን። በሥራ ላይ የሚውለው ቋንቋ መጻፊያ፥ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፥ መሥራቱ በፊታችሁ ይታይ። ስልኩ በገባ ቀን ኮከብ፥ መሰላል፥ 06፥ መሰላል ተጭኖ የሚወጣው 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ከተረካቢው ስም ጋር በመዝገብ ይጻፍ፤ ስልኩ ቢጠፋ የመንግሥት ንብረት መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ለየስልኩም ሽፋንና የመስተዋት መከላከያ አብሮ ይገዛ፤ ዋጋቸው ጥቂት ሲሆን የሚያድኑት ብዙ ነው።

የሚፈርመው ሹም ስልኩን በእጁ ላይዘው ይችላል፤ የሚይዘው በሩቅ ቀበሌ ያለ ወጣት ሠራተኛ ነው። በዚያ ወጣት እጅ ያለው ስልክ ዋግ በታየበት ማለዳ ባትሪው ያለቀ እንደ ሆነ ጉዳቱ በገበሬው ማሳ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምርጫው ከመፈረሙ በፊት ስልኩ በየትኛው ቀበሌ፥ በማን እጅና በምን መብራት እንደሚሠራ ይጠየቅ፤ መልሱ በታወቀ ጊዜ የሚገዛውን መምረጥ ቀላል ይሆናል።