የአራስ ዓይንና የወላጆች ደዌ

ሕፃን ከማኅፀን ወደዚህ ዓለም በሚወጣበት ሰዓት ስለ እናቲቱ ደምና ስለ ሕፃኑ ትንፋሽ የሚጨነቀው ብዙ ሲሆን፣ እነዚያ የተጨፈኑ ዓይኖች በማኅፀን በር ሲያልፉ ምን እንደ ነካቸው የሚያስበው ጥቂት ነው፤ እናቲቱ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ ካለባት ግን፣ ብዙ ጊዜም ራሷ ሳታውቀው፣ ባክቴሪያው በዚያች አጭር መንገድ ከሕፃኑ የዓይን ቆብ ሥር ገብቶ ይቀመጣል።

ከዚህ የሚመጣው የዓይን ደዌ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት በአውሮፓ የስንቱን ሕፃን ብርሃነ ዓይን እንዳጠፋ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ምስክር ነበሩ። አልበርት ናይሰር በ1879 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የጨብጥን ባክቴሪያ ካገኘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በላይፕዚግ የማዋለጃ ቤት ኀላፊ የነበረው ካርል ክሬዴ በ1880 ከመቶ 2 እጅ የሲልቨር ናይትሬት ውሃ በአራሶች ዓይን ላይ ማንጠብ ጀመረ፤ ከ100 አራሶች 10 ያህሉን ይይዝ የነበረውም ደዌ ከ1 በታች ወረደ። ያ ውሃ ዓይንን የሚያቃጥልና ክላሚዲያን በቅጡ የማይከላከል ስለሆነ፣ ዛሬ በብዙ ቦታ በቴትራሳይክሊን ቅባት ተተክቷል። አዋላጇ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቷ ዝቅ ታደርግና፣ የቱቦውን ጫፍ ዓይኑን ሳታስነካ፣ ቀጭን የቅባት መስመር ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ታኖራለች። ከደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነው፤ እኔ ግን በማዋለጃ ክፍል ከሚሠራው ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት ድካም ብዙ የሚያተርፍ አላውቅም።

ቅባቱ ያልደረሰው ወይም ያልረዳው ሕፃን ሲታመም ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። የጨብጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቆቡን አሳብጦ ብዙ መግል ያወጣል፤ የክላሚዲያው ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ቀለል ብሎ ይጀምራል። ቀኑ ብቻውን ግን አይበቃምና፣ መግሉ በመስተዋት ላይ ተቀብቶ፣ በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የጨብጡ ባክቴሪያ በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደ ቡና ፍሬ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቀልቶ ይታያል። ክላሚዲያ በሰውነት ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ስለሆነ፣ ናሙናው ከመግሉ ሳይሆን ከቆቡ የውስጥ ገጽ ተፍቆ መወሰድ አለበት።

የጨብጡ ባክቴሪያ ጤነኛውን የዓይን ብሌን ሰርስሮ ማለፍ ስለሚችል፣ በቶሎ ካልታከመ ብሌኑ ቈስሎ ይበሳል፤ ስለዚህም በሆስፒታል ሴፍትሪአክሶን በሕፃኑ ክብደት ተለክቶ በመርፌ ይሰጣል፣ ዓይኑም መግሉ እስኪቆም ድረስ በጨው ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ክላሚዲያ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል፣ መድኀኒቱ በአፍ የሚወሰድ ነው። በሁለቱም ቅባትና ጠብታ ብቻውን አያድንም። የጡት ወተት ወይም ሽንት ማንጠብም፣ በፍቅርና በእምነት ቢደረግ እንኳ፣ ቀኑን ያባክናል፤ ሽንትማ ራሱ የጨብጥ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

በአዋቂም ዘንድ የብልት ፈሳሽ የነካ እጅ ዓይንን ከነካ ያው ሕመም ይደርሳል። የሚያሳፍር ሥራ ሁልጊዜ ይቀድመዋል ማለት ግን አይደለም፤ በ1980 ዓ.ም. ገደማ በኮንሶ የተነሣው የዚሁ የዓይን ሕመም ወረርሽኝ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን የያዘው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ውጭ ነበር።

ሐኪሙ ሕፃኑን ሲያክም አባትና እናትን ጠርቶ አብረው እንዲታከሙ ማዘዝ ይገባዋል። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ለመክሰስ ይህን ቀን እንዳይመርጡ እለምናለሁ፤ ደዌው በማንኛቸው እንደ ገባ ምርመራው አይናገርም፣ ምልክት ሳያሳይም ለብዙ ጊዜ ሊቈይ ይችላል። ሁለቱ መድኀኒቱን ባንድነት ይውሰዱ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም 7 ቀን ከመኝታ ይከልከሉ፤ እናትም በሚቀጥለው እርግዝናዋ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ታሪክ ለሐኪሟ ትንገር።