ደረትን ማዞር፣ ትከሻን ማቅናት

የሰው አካል እንደ ሥራው ይቀረጻል። ጠመንጃውን ዘወትር በአንድ ትከሻ የሚያነግት ወታደር፣ ምጣድ ላይ የምታጎነብስ እናት፣ ከጠረጴዛ የማይለይ ጸሐፊ ሁሉም ወደ ፊት ያዘነበሉ ናቸው። ደረታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩበት ጊዜ እምብዛም የላቸውም።

በካርቱም ዐማራት ሰፈር በቤት ሠራተኛነት ይተዳደሩ የነበሩትን እኅቶቻችንን ለምሳሌ እንውሰድ። ወለል መወልወል፣ ልብስ ማጠብ፣ ጀለቢያ መተኮስ ሁሉም ጎንበስ ተብሎ የሚሠራ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በርካታ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ንብረቱን ትቶ የወጣ ሰው እንኳ የደረቀ ትከሻውን ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለች እኅት ያለችበት ቤተሰብ ይህን ጽሑፍ ከእርሷ ጋር እንዲያነብ እናሳስባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደረት ክፍል የሚገኙት 12 የአከርካሪ አንጓዎች ወደ እያንዳንዱ ጎን በድምሩ እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ይዞራሉ። የወገብ 5 አንጓዎች ግን ለማጎንበስና ለመቃናት እንጂ ለመዞር እምብዛም አይመቹም። ስለዚህ ደረት ሲደርቅ ሸክሙ ወደ አንገት፣ ወደ ትከሻና ወደ ወገብ ይዛወራል። አንባቢ በራሱ ይፈትን፦ ጎብጦ ተቀምጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሣ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ይድገመው። ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል።

በቀን 10 ደቂቃ የሚበቃቸውን ሦስት እንቅስቃሴዎች እናቀርባለን።

1ኛ/ ወንበር ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ፤ እጆችን በደረት ላይ ማጣመር፤ ጉልበትን ሳያንቀሳቅሱ፣ ትንፋሽን እያስወጡ ደረትን ማዞር። በየጎኑ 10 ጊዜ።

2ኛ/ በጎን ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፤ መዳፎችን ከፊት አጋጥሞ የላይኛውን እጅ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ኋላ መግለጥ። ዐይን እጅን ይከተል። በየጎኑ 8 ጊዜ።

3ኛ/ ትከሻን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች በዝግታ ማሽከርከር፤ 10 ጊዜ። ይህ ለባህላችን እንግዳ አይደለም፤ እስክስታ የሚያውቅ ሰው ትከሻውን ማፍታታት ከልጅነቱ ተምሯል።

ይሁን እንጂ ማዞር ብቻውን ጎባጣን አያቀናም። የጀርባን ጡንቻ ማጠንከር፣ አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ፣ ሸክምን ከትከሻ ትከሻ ማቀያየር አብረው መሄድ አለባቸው። በኃይልና በድንገት መጠምዘዝ ጉዳት ያመጣል። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ ወይም እጅን የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ እንዲሁም አጥንቱ የሳሳ ወይም በቅርቡ የተሰበረ ሰው፣ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ቀና ብሎ መቆም ከሰልፍ ሜዳ በፊት በቤት ይለመዳል። አባት፣ እናትና ልጆች ከራት በፊት አብረው ይሥሩት። ለዓመታት በሰው ቤት ያጎነበሰች እኅታችንም በገዛ ቤቷ ቀና ትበል።