የአሮጌ መኪና የሞተር መጋልና የፍሬን ችግር

የሞተር መጋልና የፍሬን መድከም ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ በብዛት ከሚታዩ ብልሽቶች ውስጥ ናቸው። ክፍሎቹ የተለያዩ ቢሆኑም የችግራቸው ሥር ተመሳሳይ ነው፦ የተፈጠረው ሙቀት በጊዜው ወደ አየር አለመውጣቱ። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ውስጥ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሲሶው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ፍሬን ደግሞ መኪናውን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን በሰበቃ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ስለዚህ ዳገት ሞተርን፣ ቁልቁለት ደግሞ ፍሬንን ይፈትናል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በአባይ በረሃ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ስለሚወጣ፣ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ይፈትናል።

የሞተር መጋል

የሞተሩን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደው በፓምፕ የሚዘዋወር ውሃ ወይም ኩላንት ነው። ቴርሞስታት የሚባለው በር ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ይቆይና ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይከፈታል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ይህ መከላከያ ይጠፋል። በርካሽ የሚለወጠው ክዳን ተረስቶ ራዲያተሩ ሲፈታ የሚውለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎቹ የተለመዱ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የቧንቧ ውሃ ብቻ ለዓመታት መጠቀም። ውሃው ዝገትና ደለል ፈጥሮ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።
• የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የሚያፈስ ፓምፕ ወይም የማይዞር ፋን። ፋኑ ከተበላሸ መኪናው ሲሮጥ ደህና ሆኖ መንገድ ሲዘጋጋ ይግላል።
• ሳይከፈት የቀረ ቴርሞስታት። ጨርሶ አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ቶሎም ያረጃል።
• የቴስታታ ጋስኬት መቃጠል። ምልክቶቹ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ መፍሰሻው ሳይታይ የሚጎድል ውሃና ወተት የመሰለ የሞተር ዘይት ናቸው።

የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ኤር ኮንዲሽነሩን ማጥፋትና የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ጥቂት ሙቀት ይቀንሳል። መለኪያው ካልወረደ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ውሃው በጣም ከጎደለ መለኪያው በእንፋሎት መካከል ስለሚቀር ዝቅ ብሎ ሊያሳይ እንደሚችልም ማወቅ ጠቃሚ ነው።

የፍሬን ችግር

ተሳፋሪዎችን ጨምሮ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ4 ሊትር በላይ ውሃ አፍልቶ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ይበቃል። ይህ ሁሉ በፍሬን ብቻ ከተያዘ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይከተላል።

የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ከመጠን በላይ ግሎ የመያዝ ኃይሉን ማጣቱ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል፣ መኪናው ግን አይቆምም፤ የተቃጠለ ሽታም ይሸታል።

ሁለተኛው የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት በግፊት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወለል ይነካል። መኪናው ከተማ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቁልቁለት አወራረድ

ፍሬንን የሚያሳርፈው ሞተሩ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ (ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ) ማስገባትና ፍሬኑን ሳይለቁ ከመጎተት ይልቅ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ይመከራል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መውረድ ሸክሙን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ከዚህም የከፋ ነው፤ የፍሬን አጋዡ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ሥራውን ያቆማል፣ መሪውም ይከብዳል።

ፍሬን እምቢ ካለ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ በየተራ መቀነስና የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ ያስፈልጋል። መሪው ሊቆለፍ ስለሚችል ቁልፉ አይነቀልም። የጋለ ፍሬን ቆሞ ይበርዳል እንጂ ውሃ አይደፋበትም፤ ዲስኩ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቅድመ ጥንቃቄ

የራዲያተር ውሃ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይታያል። የፍሬን ዘይት በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። የዘይቱ መጠን ከቀነሰ መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሲጢጥ የሚል ድምፅ፣ የሚንቀጠቀጥ ፔዳል፣ ወደ አንድ ወገን የሚስብ መሪ፣ እንዲሁም ከጉዞ በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ አንድ ጎማ ፍሬኑ እንዲፈተሽ የሚጠይቁ ምልክቶች ናቸው። አቅም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማሠራት ካልፈቀደ ፍሬኑ ይቀድማል፤ የጋለ ሞተር ብዙውን ጊዜ መኪናውን መንገድ ላይ ያቆማል፣ የደከመ ፍሬን ግን ማቆም ይከለክላል።